የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ፦ ሐቅ ወይስ ቅሚያ?

ሰው መኪናውን በሌላ ሰው ግቢ አቁሞ ሲወጣ ሒሳብ ይጠየቃል። የሚጠየቀው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው። አነስተኛ በመሆኑም አንዱ ሳያስብበት ይከፍለዋል፤ ሌላው ሳያስብበት ያመልጠዋል። ጥቂቶች ደግሞ በሩ ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ፤ ተሰዳድበውም ይለያያሉ። የሚከፍለውም፣ የሚያመልጠውም፣ የሚጣላውም ግን አንዱን ዋና ጥያቄ ሲያነሡ አይሰማም። ይህ ገንዘብ የማን ሐቅ ነው?

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሐላልና ሐራም የሚለየው በትልልቅ ገንዘብ ላይ ብቻ አይደለም። የሰው ገንዘብ አንድ ብርም ሆነ አንድ ሺህ ብር የሰው ገንዘብ ነው። እንዲያውም ሰው ቤት ሲሸጥና ሲገዛ ይጠነቀቃል፤ ምስክር ይጠራል፤ ይፈራረማል። በየቀኑ በሚያወጣውና በሚያስገባው ሽርፍራፊ ላይ ግን ልቡ ይዘናጋል። ሒሳቡ ትንሽ ስለሆነ ኃጢአቱም ትንሽ ይመስለዋል። ትንሹ ግን ቀን በቀን ይደጋገማል፤ የሚደጋገም ነገር ደግሞ ጠባይ ይሆናል።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ ጉዳዩን ከምናውቀው ቦታ እንጀምር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ላይ እንደገና ወደ ደጋው የሚወጣው አውራ ጎዳና ደብረ ማርቆስን አቋርጦ ወደ ባሕር ዳር ያመራል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ዓባይን ተሻግሮ የመሸበት የጭነት መኪና ሹፌር ከሚያድርባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ይህ ሹፌር ለራሱ አልጋ ከመፈለጉ በፊት ለመኪናው ማደሪያ ይፈልጋል። መኪናው የባለቤቱ ነው፤ ጭነቱ የነጋዴው ነው፤ እሱ የሁለቱም አደራ አለበት። በመሆኑም አጥርና ዘበኛ ያለው ግቢ ይጠይቃል። በአገራችን ከተሞች ግቢ ያላቸው ሆቴሎች አልጋ ለያዘ እንግዳ መኪናውን በነፃ ያሳድራሉ፤ አልጋ ያልያዘው ግን ይከፍላል። ባዶ ቦታውን አጥሮ፣ ዘበኛ ቀጥሮ፣ መኪና ማሳደርን ራሱን የቻለ ሥራ ያደረገም አለ። ቀን ቀን ደግሞ በገበያና በመሥሪያ ቤቶች አካባቢ ሰደርያ የለበሰ ወጣት ሰዓት ይመዘግባል፤ ቲኬት ቆርጦም በዝናብ መጥረጊያው ሥር ይሰካል።

ሥራው ለደጋው ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ገበሬው በገበያ ቀን አህያውንና በቅሎውን በከተማ ሰው ግቢ አስሮ፣ ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ ሲፈታ ኖሯል። በዚህ ውስጥ ጠብ ብዙም አልነበረም። ለምን? ገበሬውም ሆነ ባለግቢዋ ዋጋውን ያውቁታልና ነው። ባለፈው ቅዳሜ የተከፈለው በዚህኛውም ቅዳሜ ይከፈላል። አህያይቱ ብትጠፋ ማን እንደሚጠየቅም ሁለቱም ያውቃሉ።

ከዚህ ከፍ ያለ የንግድ ታሪክም በዚሁ አካባቢ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ዛሬ ባሶ ሊበን ወረዳ በሚባለው አካባቢ፣ የባሶ ገበያ እጅግ የታወቀ ነበር። ከዓባይ ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎችና ከሰሜን የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች በዚያ ይገናኙ ነበር። ቡናውም፣ ወርቁም፣ ዝባዱም፣ የዝሆን ጥርሱም በዚያ ያልፍ ነበር፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። በዚህ የሲራራ ንግድ ሙስሊም ነጋዴዎች የነበራቸው ድርሻ ትልቅ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች መስክረዋል። እነዚህ ነጋዴዎች ሁለት ዓይነት ክፍያ ያውቁ ነበር። አንደኛው ላሳደራቸውና ጭነታቸውን ለጠበቀላቸው ባለቤት የሚሰጡት ነው። ሁለተኛው በየመንገዱ ኬላ ላይ የሚጠየቁት ቀረጥ ነው። የመጀመሪያውን ወደው ይሰጡት ነበር፤ ሁለተኛውን ግን ያማርሩት ነበር። የኬላ ምሬቱ የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም። ኬላ ጠባቂው ዛሬ ምን ያህል እንደሚጠይቅ አስቀድሞ አለመታወቁና ጭነቱ በእጁ ከገባ በኋላ ዋጋ መጥራቱም ጭምር ነበር።

እንግዲህ የዛሬው የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን ይመስላል? መልሱ እንደ አሠራሩ ነው። ግቢው አንድ፣ ዘበኛው አንድ፣ ገንዘቡም አንድ ሆኖ ሳለ ክፍያው የሐላል ንግድ ሊሆን ይችላል፤ ኬላም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚፈጠረው በመግቢያው በር ላይ ነው። ዋጋው ከመግባት በፊት ከተነገረና ገቢው ከተስማማ፣ ያ ገንዘብ ዕዳ ነው። ዋጋው መኪናው ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሰውየው ሊወጣ ሲል ከተጠራ ግን ንግድ መሆኑ ያጠራጥራል።

ይህን ሐሳብ ከራሳችን አላመጣነውም። በእስልምና የንግድ ሥርዓት ገንዘብ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚያልፈው በሁለቱ ወገኖች ውዴታ እንዲሆን የተደነገገ መሆኑን አንባቢያን ያውቁታል። ሊቃውንት ስለ ኪራይ ሲያስተምሩም ጥቅሙ የታወቀ፣ ዋጋውም የታወቀ ይሁን ይላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያልታወቀ ነገር ጠብ ያመጣል፤ ሸሪዓ ደግሞ የጠብን በር አስቀድሞ መዝጋት ይወዳል።

የአገሪቱ ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1678 ለውል መኖር የተዋዋዮች ፈቃድ ጉድለት የሌለው እንዲሆን ይጠይቃል። በአንቀጽ 1682 ደግሞ ዝም ማለት እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ሰው ዝምታ ወርቅ ነው ይላል፤ ሕጉ ግን ዝምታን እሺታ አያደርገውም። ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው አንቀጽ 1686 ነው። ይህ አንቀጽ አንድ ነጋዴ ለብቻው ያወጣው አጠቃላይ የሥራ ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው፣ ያ ሰው ደንቡን አውቆ ሲቀበለው ወይም ደንቡ በመንግሥት ባለሥልጣን የተደነገገ ወይም የጸደቀ ሲሆን ነው ይላል። ስለዚህ ባለግቢው በደብተሩ ጽፎ የያዘው ዋጋ፣ ወይም በዘበኛው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ደንብ፣ ገቢው ካላወቀው በቀር አያስረውም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ሰው ሁሉ እንደሚከፈል ያውቃል፤ የአዳር ዋጋውም በከተማው የታወቀ ነው፤ ታዲያ ለእያንዳንዱ መኪና ዋጋ መንገር ምን ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነትነት አለው። የጥንት የፊቅህ ሊቃውንትም የሕዝብ መታጠቢያ ቤትን ምሳሌ ያነሣሉ። ሰው ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠቀም፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ሳይነጋገር ታጥቦ፣ የተለመደውን ከፍሎ ይወጣል። በጥብቅ ሥርዓት ከታየ ይህ ያልታወቀ ነገር አለበት። ይሁንና ሕዝቡ ለምዶት፣ ጠብም ሳያስነሣ ስለኖረ ሊቃውንቱ ፈቅደውታል። ልማድ በቃል እንደተነገረ ውል ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ምሳሌ ራሱ ወሰኑን ያሳየናል። ልማድ የሚያስረው የሚያውቀውን ነው። የደብረ ማርቆስ ነጋዴ የከተማውን የአዳር ዋጋ ያውቃል፤ ከአዳማ የመጣው ሹፌር ግን አያውቅም። የመታጠቢያ ቤቱም ፈቃድ የተሰጠው ጠብ ስለሌለበት ነው። በየማለዳው በር ላይ ጭቅጭቅ የሚሰማበት ማቆሚያ፣ ዋጋው የታወቀ ልማድ አለመሆኑን ጭቅጭቁ ራሱ ይመሰክርበታል። በተለይም ከተለመደው የአዳር ዋጋ በላይ የሚጠየቅ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ ከወጣህ የሁለት አዳር ትከፍላለህ» የሚል ደንብ ካለ፣ ያ ደንብ በልማድ ተሸፍኖ ሊያልፍ አይችልም። መነገር አለበት።

ቅጣትን የሚመለከተው ይህ ነጥብ እኛ ዘንድ ብቻ የሚያከራክር አይደለም። መኪና በበዛበት በእንግሊዝ አገር እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ደርሷል። በዚያ የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶችም ከግል የማቆሚያ ኩባንያ የሚላክ የክፍያ ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ባሪ ቢቪስ የተባለ ሰው በቼልምስፎርድ ከተማ በአንድ የገበያ ማዕከል ማቆሚያ መኪናውን አቆመ። ማቆሚያው ለሁለት ሰዓት ነፃ ነበር። ከዚያ በላይ የቆየ 85 ፓውንድ እንደሚከፍል በግቢው ውስጥ በጉልህ በተለጠፉ ማስታወቂያዎች ተጽፏል። ሰውየው 56 ደቂቃ አሳለፈ፤ ፓርኪንግ አይ የተባለው ኩባንያም 85 ፓውንድ ጠየቀው። ሰውየው «ለ56 ደቂቃ ይህን ያህል ገንዘብ ቅጣት እንጂ ካሣ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ከታችኛው ፍርድ ቤት ተነሥቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 በስድስት ድምፅ ለአንድ ለኩባንያው ፈረደ። ዳኞቹ ከሰጧቸው ምክንያቶች መካከል ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ማስታወቂያው ትልቅና ግልጽ ነበር። ሁለተኛ፣ ክፍያው ቦታው ለብዙ ገበያተኛ እንዲዳረስ የሚያደርግ ተገቢ ዓላማ ነበረው፤ መጠኑም ከዚያ ዓላማ የወጣ አልነበረም።

በዚያው አገር ከዚህ ፍርድ 45 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ተቃራኒ የሚመስል ፍርድ ተሰጥቶ ነበር። ቶርንተን የተባለ ሰው ወደ አንድ ማቆሚያ ሲገባ ከማሽን ቲኬት ተቀበለ። በቲኬቱ ላይ በግቢው የተለጠፈው ደንብ ይሠራል የሚል ጽሑፍ በትናንሽ ፊደል ነበረበት። ደንቡ ደግሞ ማቆሚያው በደንበኛው ላይ ለሚደርስ የአካል ጉዳት ኃላፊ አይደለም የሚል ነበር። ሰውየው መኪናውን ሊወስድ ሲመለስ ጉዳት ደረሰበት። ኩባንያው ደንቡን ቢጠቅስም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ውሉ የተፈጸመው ሰውየው መኪናውን ወደ መግቢያው ነድቶ ማሽኑን ባንቀሳቀሰ ጊዜ ነውና፣ ከዚያ በኋላ በውስጥ በኩል የሚገኝ ደንብ አያስረውም ተባለ።

ሁለቱ ፍርዶች ሲታዩ አንዱ ለኩባንያው፣ አንዱ ለደንበኛው ነው። በውስጣቸው ያለው ሚዛን ግን አንድ ነው። ከመግባት በፊት በግልጽ የታየ ያስራል፤ ከገቡ በኋላ የሚገለጥ አያስርም። ስለ ቢቪስ ፍርድ የሚከራከሩ እስከ ዛሬ አሉ፤ ከዳኞቹም አንዱ በሐሳብ ተለይተዋል። እኛም ለትንሽ ጊዜ መዘግየት ያን ያህል ገንዘብ መውሰድ ከርኅራኄ ይርቃል ልንል እንችላለን። ይሁንና ሰውየው አልተነገረኝም ሊል እንደማይችል አያጠያይቅም። በእኛም አገር የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1893፣ ተዋዋዮች የተስማሙበትን መቀጫ ውሉ በከፊል ካልተፈጸመ በቀር ዳኛ ሊቀንሰው እንደማይችል ይናገራል። ይህ የሚያስተምረን ስምምነት ከባድ ነገር መሆኑን ነው። ስምምነት ይህን ያህል ከባድ ከሆነ ደግሞ፣ ሳይስማማ የተስማማ የሚመስለው ሰው እንዳይኖር መጠንቀቅ የባለግቢው ግዴታ ነው።

በሩን መዝጋትስ? ሳይነገር የተጠራን ዋጋ ካልከፈልህ አትወጣም ብሎ ሰንሰለት መሳብ ተራ አሠራር ሆኖ ይታያል። የመኪና ጎማ በብረት አስሮ ገንዘብ መጠየቅን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1992 የስኮትላንድ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በማስገደድ ገንዘብ መቀበልና ስርቆት ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። በእንግሊዝና በዌልስም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2012 ጀምሮ በግል ይዞታ ላይ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ጎማ ማሰር በሕግ ተከልክሏል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ሚስቱ ሆስፒታል የተኛችበት፣ ወይም ጭነቱ የሚበላሽበት ሰው በዚያች ሰዓት የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል። ክፍያው ግን ውዴታ አይደለም። ገንዘቡን የተቀበለው ሰው እጅ ላይ ገንዘቡ አለ፤ ባለቤቱ ግን ወዶ አልሰጠውም።

ስለ አደራም ማንሣት ያስፈልጋል። ባለማቆሚያው የሚሸጠው ምንድን ነው? ቦታውን ብቻ ነው ወይስ ጥበቃውንም? ገንዘቡን ሲቀበል «ለጥበቃ» ይላል። መስተዋት ሲሰበር ወይም ጎማ ሲፈታ ግን «ለጠፋ ንብረት ኃላፊ አይደለንም» የሚለውን ጽሑፍ ያሳያል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላል ያገራችን ሰው። በእርግጥ አደራ ተቀባይ ለደረሰው ሁሉ አይጠየቅም። ሊቃውንት እንደሚሉት ያለ ክፍያ አደራ የተቀበለ ሰው ካላጠፋና ካልተዘናጋ ዕዳ የለበትም። ገንዘብ ተቀብሎ የሚጠብቀውን በተመለከተ ግን በሊቃውንት መካከል ልዩነት አለ፤ ኃላፊነቱን የሚያጠብቁበትም አሉ። ከዚህ ልዩነት ውጭ የሆነው ነገር ግን ጥበቃን ሸጦ ጥበቃን መካድ ነው። ዘበኛው ሌሊቱን ተኝቶ ያደረበት ግቢ ሙሉ የጥበቃ ዋጋ ከተቀበለ፣ ያልሰጠውን ነገር ሸጧል። ቦታ ብቻ የሚያከራይ ከሆነ ደግሞ «ቦታ እንጂ ጥበቃ የለም» ብሎ በሩ ላይ ይናገር። ዋጋውም እንደዚያው ይሁን።

እስካሁን የተናገርነው በአብዛኛው ስለ ተቀባዩ ነው። ስለ ከፋዩ ካልተናገርን ግን ሚዛናችን የተዛባ ይሆናል።

ዋጋው ተነግሮት ገብቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ቲኬት ቆራጩ ወደ ሌላ መኪና ዞር ሲል ሞተር አስነሥቶ የሚፈተለክ ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ሰው ሱቅ ገብቶ ስኳር አንሥቶ አይሮጥም። እንዲህ አድርግ ቢባልም ይቆጣል። የማቆሚያውን ሒሳብ ግን ስርቆት አይለውም፤ ብልጠት ይለዋል። «ቦታው የመንግሥት ነው» ይላል። ቦታው የመንግሥት ቢሆንም ማዘጋጃ ቤት በማኅበር ላደራጃቸው ወጣቶች ሥራውን ከሰጠና ዋጋውን ካጸደቀ፣ የልጁ ድካም የልጁ ነው፤ ከፀሐይና ከዝናብ ጋር የዋለበት ነው። «ምን ጠበቀልኝ?» ይላል። ታዲያ መኪናውን ሲያቆም ልጁን እያየ ለምን እሺ አለ? «ኩባንያው ሀብታም ነው» ይላል። የሀብታም ገንዘብ ለድሀ የተፈቀደበትን ደንብ ግን ማሳየት አይችልም።

ሌላም አለ። «ያለ ደረሰኝ ግማሹን ስጠኝና ሂድ» የሚል ሰብሳቢ ያጋጥማል። ከፋዩም ደስ ይለዋል፤ ልጁንም የጠቀመው ይመስለዋል። ነገር ግን ልጁ የቀነሰው የራሱን አይደለም። ገንዘቡ የማኅበሩ ወይም የቀጣሪው ነው፤ ግብሩም የሕዝብ ነው። ይህ ቅናሽ ሁለት ሰዎች በሦስተኛ ሰው ገንዘብ ላይ የሚያደርጉት ስምምነት ነው። ለልጁ መርዳት የፈለገ ሙሉውን ከፍሎ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ፣ ከኪሱ ጨምሮ ይስጠው። ያ ምጽዋት ወይም ጉርሻ ይሆንለታል።

ጁምዓ ቀን በመስጊዶቻችን አካባቢ የሚታየውንም መዝለል አይገባም። ሶላት ደረሰብኝ ብሎ በሰው ግቢ በር ላይ መኪና አቁሞ የሚገባ፣ ሲወጣ የተቆጣውን ባለቤት «እንዴ፣ ሶላት ላይ ነበርኩ እኮ!» የሚል ወንድም አለ። ሶላት በአላህና በባሪያው መካከል ነው፤ የተዘጋው በር ግን የጎረቤት ሐቅ ነው። ሰው የሰውን ሐቅ የወሰደ እንደሆነ ተውበቱ የሚሞላው ሐቁን ለባለቤቱ ሲመልስ ወይም ባለቤቱ ይቅር ሲለው መሆኑን ዑለማዎች ዘወትር ያስተምራሉ። በማቆሚያ ሒሳብም እንዲሁ ነው። ሳይከፍል የሄደ ሰው ነገ ተመልሶ ይክፈል። ሰብሳቢው ተቀይሮ ከሆነ ለማኅበሩ ወይም ለባለግቢው ያድርስ። ባለቤቱን ፈልጎ ጨርሶ ካጣው በእሱ ስም ለድሀ ይስጥ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ጉዳይ እንምጣ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የጎጃም መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ፣ በየከተማው መኪናቸውን አቁመው ቀናት ለማሳለፍ የተገደዱ ሹፌሮች ነበሩ። እንበልና አንድ ሹፌር ለአንድ ሌሊት ብሎ ገባ፤ ዋጋውም ተነግሮት ተስማማ። በማግሥቱ መንገድ ተዘጋ። ሳምንት ቆየ። ባለግቢው የስምንት አዳር ሒሳብ ጠየቀው። ሹፌሩ «የተስማማሁት ለአንድ ሌሊት ነው፤ የቀረውን ወድጄ አልቆየሁም» አለ። ሐቁ ከማን ጋር ነው?

አንድ ሰው ነገሩን በችኮላ ቢያየው ለሹፌሩ ይፈርዳል። ነገር ግን ባለግቢውም መንገዱን አልዘጋም። በእያንዳንዱ ሌሊት ዘበኛው ነቅቶ አድሯል፤ ቦታውም ተይዞ ነበር። የተሰጠ አገልግሎት አለና የተለመደው ዋጋ ሐቁ ነው። ሐቁ የማይሆነው ሌላው ነው። መንገዱ መዘጋቱን አይቶ፣ ሹፌሩ መሄጃ እንደሌለው አውቆ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ዋጋውን እጥፍ ቢያደርግ፣ ያ ጭማሪ የችግር ዋጋ ነው። የተቸገረ ሰው እሺታ በደህና ጊዜ ከሚሰጥ እሺታ ጋር እኩል አይደለም። ሹፌሩም ገንዘብ ከጨረሰ፣ ባለዕዳ ሲቸገር እስኪያገኝ ድረስ መጠበቅ የተወደደ ብቻ ሳይሆን የታዘዘ ነው። ሰውየው ስሙን፣ ስልኩንና የታርጋ ቁጥሩን መዝግቦ «ስትሸጥ ላክልኝ» ብሎ ቢያሰናብተው መልካም ሥራ ይሆንለታል። ሹፌሩ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ያን ዕዳ የረሳ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ችግረኛ ሹፌር በሩን የዘጋው እሱ ነው። እምነት ያሳየ ሰው ሲከዳ፣ ከዚያ በኋላ ማንንም አያምንምና።

ውድ አንባቢያን! ከዚህ ሁሉ የምንይዘው ነገር አጭር ነው። ባለማቆሚያው በሩ ላይ በሚነበብ ፊደል አራት ነገር ይጻፍ፦ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት እንደሚቆጠር፣ ለዘገየ ምን እንደሚጨመር፣ ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ። ማንበብ ለማይችል ሰው ዘበኛው በቃል ይንገር። ደረሰኝም ይስጥ። ይህን ያደረገ ሰው ገንዘቡን ሲቆጥር ልቡ አይጠራጠርም። ባለመኪናው በበኩሉ ቁልፉን ከማጥፋቱ በፊት ዋጋውን ይጠይቅ። ካልተስማማው ይሂድ፤ ከተስማማው ሳይጨቃጨቅ ይክፈል። ሳይነገረው የተጋነነ ዋጋ የተጠየቀ እንደሆነ በጉልበትና በስድብ ከመመለስ የተለመደውን ሰጥቶ፣ ስለቀረው ከባለቤቱ ወይም ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር በጨዋ ቃል ይነጋገር። በውጭ አገር የሚኖረውም ደብዳቤ ሲደርሰው ቀዶ አይጣለው፤ ደንግጦም አይክፈል። ማስታወቂያው የት እንደነበር፣ ምን ይል እንደነበር ይመርምር። ተነግሮት ከሆነ ይክፈል፤ ካልተነገረው በጊዜው ይግባኝ ይበል።

በበሩ ላይ የሚጠየቀው ገንዘብ ጥቂት ነው። ባለግቢው ግን በእሱ ልጆቹን ያበላል፤ ባለመኪናውም ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ ይከፍለዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚበሉት ጥርት ያለ እንዲሆን ዋጋው አስቀድሞ ይነገር፤ የተነገረው ይከፈል።

ወላሁ አዕለም።